አንድ ነው ወይስ ሁለት?



ኮሚቴው «ከሙያሽ ጋር የተያያዘ ነገር ተናገሪ» ሲለኝ ስለ ደም ግፊት የማወራ መስሎት ይሆናል። እኔ ግን በሁለት ፕላኔቶች ነው የምጀምረው። ታገሱኝ፣ ወደ ሕክምናው እመጣለሁ።

ታህሳስ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ ጁፒተርና ሳተርን ተጠጋግተው ታዩ። በየ20 ዓመቱ ገደማ ይገናኛሉ። ይህን ያህል ተቀራርበው ለዓይን በደንብ ሊታዩ የቻሉት ግን ከዚያ በፊት በአውሮፓውያኑ 1226 ነበር፤ እኛ ዘንድ የዛጉዌ ነገሥታት ዘመን መሆኑ ነው። መቀራረባቸው ለእኛ እይታ ብቻ ነው። በዕለቱ ጁፒተር ወደ 890 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ ሳተርን ደግሞ ወደ 1.6 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቁን ነበር።

እኔ ያን ሰሞን ለአጭር ጊዜ ሥራ ወላይታ፣ ኪንዶ ዲዳዬ ውስጥ ሃላሌ ነበርኩ። ታህሳስ እዚያ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ይላል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ማስካችንን አገጫችን ላይ አውርደን ከጤና ጣቢያው ግቢ ወደ ኦሞ በኩል እናይ ነበር።

በሁለቱ መካከል የነበረው ክፍተት 6 የማዕዘን ደቂቃ ያህል ነው፤ የሙሉ ጨረቃ ስፋት አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ጤነኛ ዓይን ደግሞ 1 ደቂቃ ይለያል፤ በስኔለን ሰሌዳ 6/6 የምንለው እሱን ነው። ጁፒተር ከሳተርን አሥር እጥፍ ያህል ስለሚደምቅ ትንሽ ያስቸግራል እንጂ ሁለት መሆናቸው ይታያል። የጥንት ዓረቦችም ሚዛርና አልኮር በሚባሉት ጎረቤታም ከዋክብት ዓይናቸውን ይፈትኑ ነበር ይባላል።

የጤና ጣቢያው ዘበኛ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ ወዲያው «ሁለት ናቸው ዶክተር፣ ትንሿ ከላይ ናት» አሉኝ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ግን «አንድ ነው» አለች። ደጋግማ አየች። «አንድ ነው፣ ግን ፀጉር አለው» አለች። አባትየው ሳቁ፤ «ትምህርት ቤትም እንዲሁ ናት፣ ሰሌዳ ላይ ያለውን ትታ የጓደኛዋን ደብተር ነው የምትገለብጠው፤ ሰነፍ ናት ይሉኛል» አሉ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

በማግስቱ ጠዋት 6 ሜትር በገመድ ለክተን፣ ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ሰቅለን አየናት። በሁለቱም ዓይኗ ከላይኞቹ ትላልቅ ፊደላት አላለፈችም። ከዚያ ካርቶን በመርፌ በስቼ በቀዳዳዋ እንድታይ ሰጠኋት። መስመር በመስመር ወረደች! መምህራኖቻችን ያስተማሩን ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ እይታው ከተሻሻለ ችግሩ በአብዛኛው መነጽር የሚያስተካክለው ነው። ዓይኗ አልታመመም፣ ሩቁ ነው የሚደበዝዝባት። ወደ ሶዶ ላክናት፣ መነጽር ተሠራላት።

እንዲህ ያለ ልጅ አያመለክትም እኮ። ምን ብሎ ያመልክት? ዓለም ለሁሉም ሰው እንዲሁ ብዥ ያለች ይመስለዋል። የሚያመው ነገር የለም፣ ዓይኑ አይቀላም። ወረፋ የሚይዘው የሚያመው ሰው ነው፤ እሱ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሰነፍ ይባላል።

የካቲት 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ቬነስና ጁፒተር ምሽት ላይ ተገናኙ። አባትየው ደወሉልኝ። «ልጄ ይኼኛው ቀላል ነው ትላለች» አሉኝ። እውነቷን ነው፤ የዚያን ዕለቱ ክፍተት የሙሉ ጨረቃን ስፋት ያህል ነበር።

ጁፒተርና ሳተርን ያን ያህል ተጠጋግተው የሚመለሱት በአውሮፓውያኑ መጋቢት 2080 ነው። ሰማዩን የምንጠብቅ ከሆነ እንግዲህ እኛ አንደርስበትም። ስለዚህ ማኅበራችን በየዓመቱ በሚያካሂደው የነፃ ሕክምና ላይ አንድ ጠዋት ለትምህርት ቤት እንዲሰጥልኝ እጠይቃለሁ። የሚያስፈልገው ሰሌዳ፣ 6 ሜትር ገመድና የተበሳ ካርቶን ነው፤ መምህራንን በግማሽ ቀን ማሠልጠን ይቻላል። ወጪው መነጽሩ ላይ ነው። እሱን የምንካፈልበትን መዝገብ መውጫው በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ እስክሪብቶም አለ።