የውጭ ብድር ግዴታ በፍርድ ሊመረመር ይችላልን?

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ጉባዔ ላይ የቀረበ)



በዚህ በሲዳማ ምድር ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ከባድ ነገር ሲያነሡ «አፊኒ?» ይላሉ። «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። ነገሩ የሚነካው ሰው ሳይሰማና ሳይናገር ፍርድ አይሰጥም። ንግግሬን ከዚህ ቃል የጀመርሁት ቃሉ ስላማረኝ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ነገር ባሰብሁ ቁጥር ያን ጊዜ እኛን «አፊኒ?» ብሎ የጠየቀን ሰው እንዳልነበረ ስለሚታወሰኝ ነው።

በዚያ ዕለት ብሔራዊ ባንክ የብር የምንዛሪ ዋጋ ከእንግዲህ ወዲህ በገበያ እንደሚወሰን አስታወቀ። በዚያው ዕለት ደግሞ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ቦርድ በዋሽንግተን ተሰብስቦ ለኢትዮጵያ 3.4 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን የ4 ዓመት ብድር ፈቀደ፤ ከዚህም ውስጥ 1 ቢሊዮኑ ወዲያው የሚለቀቅ ነበር። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን የዋሉት በአጋጣሚ አይደለም፤ የምንዛሪው ለውጥ ቦርዱ ብድሩን ከመፍቀዱ በፊት እንዲፈጸሙ ከተባሉት ግዴታዎች አንዱ ነበርና። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እዚሁ ከተማችን የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ የምትሰፋውን ልጅ አስቡ። ሸሚዙ የሚሸጠው በዶላር ነው፤ የእርሷ ደመወዝ ግን በብር ነው፤ በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው ደግሞ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል በሕግ የተቈረጠ የደመወዝ ወለል የለንም።

የቀድሞው ተመን ሳይነካ ይቈይ ነበር ብዬ የምከራከር አይደለሁም። ባንክ ቤት ዶላር የሚያገኘው ዕድለኛው ሲሆን ሌላው በጥቁር ገበያ እጥፍ ገደማ ይከፍል እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። ክርክሬ ሌላ ነው። አባቶቻችን «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ ያዘኑት ስለ ዋጋዋ አልነበረም፤ ስለ አካሄዷ ነው። እኔም የምጠይቀው ስለ አካሄዱ ነው።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲወጣም የመዋቅር ማስተካከያ የሚባለው መርሐ ግብር አብሮት ነበር። ከዚያ በኋላ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ መንግሥታችንና ድርጅቱ በገንዘብ ገበያና በንግድ ባንክ ጉዳይ ሲጣሉ፣ በዚያ ጊዜ የዓለም ባንክ ዋና ኢኮኖሚስት የነበሩት ጆሴፍ ስቲግሊትዝ ለኢትዮጵያ ወግነው እንደ ተከራከሩ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ላይ ጽፈዋል። ክርክሩ ግን በባለሥልጣኖች መካከል ጀመረ፣ በባለሥልጣኖች መካከል አለቀ። ዳኛ ፊት አልቀረበም።

ለምን አልቀረበም? አንደኛው ምክንያት አበዳሪው በእኛ ፍርድ ቤት የማይከሰስ መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ ከ1945 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል የሆነችበት የድርጅቱ መቋቋሚያ ስምምነት በአንቀጽ 9 ይህን ጥበቃ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ረቂቅ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 55(12) አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያጸድቅ ያዝዛል። ስለዚህ ከዓለም ባንክ የሚመጣ የመንገድ ወይም የውሃ ብድር በአዋጅ ይጸድቃል። የገንዘብ ድርጅቱ ብድር ግን የሚመራው የገንዘብ ሚኒስትሩና የብሔራዊ ባንኩ ገዥ በሚፈርሙት የሐሳብ መግለጫ ደብዳቤ ነው፤ ድርጅቱም በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ «ይህ ዓለም አቀፍ ስምምነት አይደለም» ይላል። እንግዲህ ለአንድ መንገድ የተበደርነው ገንዘብ ምክር ቤት ሲገባ የመላ አገሩን የገንዘብ ዋጋ የለወጠው ሰነድ «ደብዳቤ ነው» ተብሎ በደጅ ያልፋል። ሐምሌም ሕገ መንግሥቱ ራሱ ለምክር ቤቱ ዕረፍት የሰጠበት ወር ነው፤ አፈ ጉባዔው ምክር ቤቱን በዕረፍቱ ጊዜ ሊጠሩት ሥልጣን ቢኖራቸውም።

ሌሎች አገሮች ይህን ቋጠሮ እንዴት እንደ ፈቱት እንመልከት። የግሪክ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. ሰነዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት አይደለም፣ የመንግሥት መርሐ ግብር ነው ብሎ አቤቱታውን ጣለ። ላትቪያ ግን ሌላ መንገድ ሄደች። በ2009 እ.ኤ.አ. መንግሥቷ ለአበዳሪዎች በገባው ቃል የተነሣ ከጡረተኞች አበል 10 በመቶ፣ እየሠሩ ጡረታ ከሚቀበሉት ደግሞ 70 በመቶ ተቈረጠ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ቅነሳውን ሻረው። ሚኒስትሮች ለአበዳሪ የገቡት ቃል ብቻውን የዜጋን መብት ለመቀነስ ምክንያት አይሆንም፤ ሕግ አውጪውም ቀላል አማራጭ መኖሩን አልመረመረም አለ። ዳኞቹ አበዳሪውን አልከሰሱም። የጠየቁት የገዛ መንግሥታቸውን ነው። የፖርቱጋል ዳኞችም በሚያዝያ 2013 እ.ኤ.አ. የደመወዝና የጡረታ ቅነሳዎችን ሻሩ። ብድሩ ይቋረጣል ተብሎ ብዙ ተፈርቶ ነበር፤ መንግሥት ጉድለቱን በሌላ ቍጠባ ሞላ፣ ብድሩም ቀጠለ።

በእኛ አገር ሕገ መንግሥትን የመተርጐም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ስለ ሆነ «በሩ ዝግ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ግን ሌላ በር አያለሁ። የዋሽንግተኑ ደብዳቤ በራሱ ማንንም አያዝም፤ እኛን የሚያዝዘው ብሔራዊ ባንክ ያወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ቍጥር ኤፍ.ኤክስ.ዲ/01/2024 ነው። መመሪያን በሚመለከት ደግሞ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቍጥር 1183/2012 አለ። መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ እንዲያስታውቅ፣ አስተያየት እንዲቀበል፣ እንዲያስመዘግብም ያዝዛል፤ ሥርዓቱ ተጥሷል የሚል ሰውም ፍርድ ቤት እንዲከልስለት ይፈቅዳል። ከዚህ ጋር የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 43 አንብቡ፤ ሕዝብ እርሱን በሚነካ ፖሊሲ ላይ አስተያየቱን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል፤ አገሪቱ የምታደርጋቸው ዓለም አቀፍ ግንኙነቶችም የኢትዮጵያን የልማት መብት የሚያስጠብቁ እንዲሆኑ ያዝዛል። ጉዳዩ ትርጕም ካስፈለገው ወደ አጣሪ ጉባዔ ይሂድ። ጉባዔው በ2012 ዓ.ም. ስለ ምርጫው መራዘም ባለሙያዎችን በአደባባይ እንደ ሰማ በቴሌቪዥን አይተናል፤ ስለ ብርስ ቢሰማ ምን ይከለክለዋል?

አንድ መምህሬ ይህን ሐሳብ ባጫወትኋቸው ጊዜ «ምንዛሪ ሊለወጥ ነው ብሎ ቀድሞ ማወጅ ዶላር ለሚያከማች ሰው ደወል መደወል ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቀኑና ሰዓቱ በምስጢር ቢያዝ አልቃወምም። ነገር ግን በዚያው መርሐ ግብር ውስጥ ያሉት የታክስ ገቢን ማሳደግና የነዳጅ ድጎማን ቀስ በቀስ ማንሣት ምን ምስጢር አላቸው? እነዚህ ለባጃጅ ነጂውም ለዳቦ ጋጋሪውም ቀድመው ቢነገሩ ገበያው አይሸበርም። ዳኛም ዶላር ስንት ብር ይሁን ብሎ አይወስንም፤ ለዚያ አልተማረም። ሕዝቡ ተሰምቷልን? መመሪያው ተመዝግቦ ወጥቷልን? ከጡረተኛው በፊት ሌላ የሚቀነስበት ቦታ ተፈልጓልን? ብሎ መጠየቅ ግን የየቀን ሥራው ነው።

የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቼ አቤቱታውን በልምምድ ችሎት መልክ ብትጽፉት ብሔራዊ ባንክን ወክዬ ለመከራከር እኔ ራሴ ፈቃደኛ ነኝ። አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ፤ ከኋላ ወንበር ያላችሁ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ከመጀመሪያው ጀምራችሁ እጃችሁን ስታወጡ አይቻችኋለሁ።