ቤት ገዝቶ ማከራየት፦ ከቀብዱ በፊት ሒሳቡ

(መለያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ «ቤት ገዝቼ ባከራይ ቁጭ ብዬ እበላለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ከመግዛትዎ በፊት ግን እስክሪብቶና ወረቀት ያንሱ።

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም በ4 ሚሊዮን ብር ገዙ እንበል። በወር 20 ሺህ ብር ቢከራይ በዓመት 240 ሺህ ያስገባል፤ የዋጋው 6 በመቶ መሆኑ ነው። አሁን እንቀንስ። አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ቤቱ አንድ ወር ባዶውን ከረመ፤ 20 ሺህ ሄደ። ለቀለም፣ ለሚያፈስ ቧንቧ፣ ለተሰበረ ቁልፍ ደግሞ 40 ሺህ ወጣ። እጅዎ ላይ የቀረው 180 ሺህ ነው፤ 4 ነጥብ 5 በመቶ። የኪራይ ገቢ ግብሩ ገና አልተነካም!

(አጭር ሙዚቃ)

ሕጉስ ምን ይላል? በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይደረጋል፤ ከ2 ዓመት አያንስም፤ በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል። ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ስለዚህ «የስድስት ወር ተቀብዬ ዕዳዬን እከፍላለሁ» የሚል ዕቅድ ከወዲሁ ይሰረዝ።

በመጨረሻም፣ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ያጣሩ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ግን ደላላውን ሳይሆን ጎረቤቱን ይጠይቁ። ተከራይዎም መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ውሃው ነው።

(ሙዚቃ ከፍ ይላል)