ነፋስ ይታመናልን?
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



«በነፋስ ላይ ቤት አይሠራም፤ መብራትም አይሠራም» የሚሉ ወንድሞች በመካከላችን አሉ። ነገሩን እንመርምረው።

ከእንግሊዝ አገር፤ ከዮርክሽር ጠረፍ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፤ ሆርንሲ አንድ የተባለው የኃይል ማመንጫ በሰሜን ባሕር ላይ ቆሟል። 174 መዘውሮች አሉት፤ እያንዳንዱም በቂ ነፋስ ሲያገኝ 7 ሜጋዋት ያመነጫል። ኃይሉ በባሕር ወለል በተዘረጋ ገመድ ወደ የብስ ይገባል። የሚቃጠል ነዳጅ የለም፤ ጢስም የለም።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2019፤ ማመንጫው ገና ተሠርቶ ሳያልቅ፤ መብረቅ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር መታ። ሆርንሲ ከ799 ሜጋዋት ወደ 62 ወረደ። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ደንበኞች መብራት አጡ፤ ባቡሮችም መንገድ ላይ ቀሩ።

«አላልንም?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ነፋሱ አልቆመም ነበር፤ የታወከው የመዘውሮቹ መቆጣጠሪያ ነው፤ እርሱም ወዲያው ታረመ። ደግሞም በዚያችው ደቂቃ በጋዝ የሚሠራ ጣቢያ አብሮ ወድቋል። የሁለቱን ጉድለት የሚሞላ በቂ መጠባበቂያ ግን አልተዘጋጀም ነበር።

እርግጥ ነፋስ የሚያርፍበት ቀን አለ። ኤሌክትሪክም በሚፈለግበት ቅጽበት መመንጨት አለበት። ስለዚህ ጥያቄያችን «ነፋስ ይታመናልን?» ሳይሆን «ሲያርፍ ማን ይተካዋል?» ይሁን። ውኃው፤ ባትሪው፤ ከጎረቤት አገር የሚመጣው መስመር ሁሉ በአንድ ላይ ሲያያዝ መልሱ ይገኛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህም ይሠራል።