ስለ ስፒከር ገመድ አመራረጥና አገጣጠም
(በደሴ ፒያሳ ለሰፈራችን ነዋሪዎች ከተደረገ አጭር ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ትንሽ ነገር ነው፤ ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር ስለሚሄደው ገመድ። ትንሽ ነው ብላችሁ ግን አትናቁት። እኔ ንቄው ለወራት ባጠራቀምኩት ገንዘብ የገዛሁትን አምፕሊፋየር አቃጥያለሁ። ጥፋቱ ከገመዱ ጫፍ ያፈነገጠች አንዲት ፀጉር የመሰለች ሽቦ ናት። ቀዩን ከጥቁሩ አገናኘችው፤ ሽታው ቤቱን ሞላው፤ በቃ፣ አለቀ።

ገበያ ስትወጡ የገመዱን ስም ሳይሆን የመዳቡን ውፍረት ጠይቁ። ገመድ ሲረዝም ጉልበት ይበላል፤ ሲወፍር ይቆጥባል። ከስፒከሩ ጀርባ 8 ኦም የሚል ከሆነና ርቀቱ ከ10 ሜትር ካልበለጠ፣ የመብራት ሠራተኞች «አንድ ነጥብ አምስት» የሚሉት ባለ ሁለት መስመር ገመድ ይበቃል። 4 ኦም ከሆነ «ሁለት ነጥብ አምስት» ግዙ። የስልክ ሽቦ ለዚህ አይሆንም። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉ፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነውና እንደ ንጹሕ መዳብ አትክፈሉበት።

ስትገጥሙ እንዲህ አድርጉ፦

1ኛ/ አምፕሊፋየሩን አጥፍታችሁ ከሶኬት ንቀሉ።

2ኛ/ የገመዱን ልባስ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ላጡ፤ ሽቦዎቹን አጥብቃችሁ ግመዱ፤ አንዷም እንዳታፈነግጥ።

3ኛ/ በሁለቱም ስፒከሮች ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አገናኙ።

አንደኛው ስፒከር ከተገለበጠ ሁለቱ ይጣላሉ፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ያን ጊዜ አምባሰል ብትከፍቱ ከበሮው ይሳሳል፣ ዘፋኙም ከየት እንደሚዘፍን ይጠፋችኋል። ምልክቱ የጠፋ ስፒከር ካለ፣ ከአምፕሊፋየሩ የተነቀለውን ገመድ በአንድ የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ነካ አድርጉት። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ከወጣ፣ የድንጋዩን አናት የነካው መስመር ቀዩ ነው።

በመጨረሻ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። በስፒከር ገመድ ጫፍ የመብራት ፕላግ ከቶ አትግጠሙ። አንድ ሕፃን ሶኬት ላይ ቢሰካው 220 ቮልት ይገባበታል፤ ያ የገንዘብ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። ገመዱንም ሰው ከሚረግጠው ምንጣፍ ሥር አታሳልፉ፤ በግድግዳው ጥግ ይሂድ።