ተሳቢ ስንጎትት ፍሪሲዮን እንዳይቃጠል

በአጨዳና በውቂያ ወቅት ትራክተር ቆመ ማለት ሰብል ሜዳ ላይ ለዝናብ ተጋለጠ ማለት ነው። ከሚያቆሙት ነገሮች አንዱ ያለጊዜው ያለቀ ፍሪሲዮን ነው።

«የእኔ ፎር ዊል ነው፣ ምን ይሆናል?» የምትሉ አላችሁ። አራቱም ጎማ መሬት ቆንጥጦ ሲይዝ በቀላሉ አይሽከረከርም፤ ጭነት ከበዛ የሚንሸራተተው ፍሪሲዮኑ ነው። መንሸራተቱ ሙቀት ያመጣል፤ ሙቀቱ ሸራውን ይበላል። 40 ኩንታል ስትጭኑ 4 ቶን ነው፤ የተሳቢው ክብደት ገና አልተቆጠረም።

ስለዚህ፦

• በዝቅተኛ ማርሽ ተነሡ። ነዳጅ ሳታበዙ ፔዳሉን በዝግታ፣ ግን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ።
• እየነዳችሁ እግራችሁን ፔዳሉ ላይ አታሳርፉ።
• ዳገት ላይ ስትቆሙ ትራክተሩን በፍሬን እንጂ በፍሪሲዮን አትያዙት።
• የፔዳሉን ልልነት በትራክተሩ መመሪያ ልክ አስተካክሉ።
• ሞተሩ እየጮኸ ትራክተሩ ካልፈጠነ፣ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከመጣ፣ ቆማችሁ አቀዝቅዙ፤ ጭነትም ቀንሱ።

ጭነቱን ለሁለት ከፍሎ መመላለስ ጥቂት ነዳጅ ያስወጣል። ፍሪሲዮን ለመቀየር ግን ብዙውን ጊዜ ትራክተሩ ራሱ ከወገቡ ለሁለት ይፈታል። የቱ እንደሚሻል እናንተው ፍረዱ።