አደጋ ሳይመጣ ቤታችንን እናዘጋጅ



በዛሬው ዝግጅታችን አንድ ቤተሰብ ለድንገተኛ አደጋ እንዴት መዘጋጀት እንዳለበት እንመለከታለን።

በ1998 ዓ.ል. ሐምሌ መገባደጃ ላይ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን አጥለቅልቆ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወስዶብናል። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ጎርፉን ያመጣው በዙሪያው ደጋማ ቦታዎች የጣለው ዝናብ ሲሆን፣ ከተማው የደረሰው ሌሊት፣ ሕዝቡ በተኛበት ነው። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰነድ መፈለግም ሆነ ማን ማንን እንደሚይዝ መመካከር አይቻልም። ምክክሩ ማለቅ ያለበት በደህናው ቀን ነው።

አንዳንዶቻችን «ቀደር ነው» ብለን እንቀመጣለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ የጠየቃቸውን ሰው አስቀድሞ እንዲያስራት ነው ያዘዙት። ተወኩል ሰበቡን ከማድረስ ጋር ነው።

እንግዲያው አንድ ቦርሳ በር አጠገብ እናስቀምጥ። የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ሬዲዮ፣ ፊሽካ፣ ቴምርና በሶ፣ የልጆች ልብስ፣ ዘወትር የሚወሰዱ መድኃኒቶች ይኑሩበት። የመታወቂያ፣ የቤት ካርታና የኒካሕ ወረቀት ፎቶ ኮፒ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይግባ። ክዳን ባለው ጀሪካን የመጠጥ ውኃ ለብቻው ይቀመጥ፤ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 3 ሊትር ይታሰብ።

ከበሩ ጀርባ ደግሞ የሚከተለውን በትልልቅ ፊደል ጽፈን እንለጥፍ፦

1. ጎርፍ ሲመጣ ዕቃ ለማውጣት አንዘግይ፤ ወዲያው ወደ ከፍታ እንውጣ።

2. ሕፃናትን፣ አረጋውያንንና ሕመምተኞችን ማን እንደሚይዝ በስም ይጻፍ።

3. የሚፈስ ጎርፍ አንሻገር። ከጉልበት በታች ቢሆንም ኃይለኛ ከሆነ ትልቅ ሰው ይጥላል።

4. ብንለያይ የምንገናኘው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ባለው መስጂድ ወይም ትምህርት ቤት ነው፤ ስሙ ይጻፍ።

5. ጎርፍ የገባበትን ውኃ አንጠጣ። ልጅ ተቅማጥ ከያዘው፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል ለክተን፣ በጥብጠን እየደጋገምን እናጠጣው፤ ወደ ጤና ጣቢያም እንውሰደው።

ማንበብ ለማይችሉ የቤተሰባችን አባላት እናንብብላቸው፤ ልጆቹም በቃላቸው ይያዙት። ከዛሬ መግሪብ በኋላ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ብንጀምረው መልካም ነው።

አላህ ቤታችንንና ሀገራችንን ከክፉ ይጠብቅልን። አሚን።