አንድ መጽሐፍ፣ ብዙ ዳኛ



የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ የውጭ አገር መጽሐፍና አንባቢዎቹ ስለ ሰጡት አስተያየት ነው። «ያላየነው መጽሐፍ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ነገር ግን ፊደል የለየ ሰው ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው የተጻፈውን ማንበብ ነው። ሁለተኛው ባነበበው ላይ መፍረድ ነው። በዚህ መጽሐፍ ላይ የተነሣው ክርክር ሁለተኛውን ሥራ በደንብ ስለሚያሳይ ነው የመረጥነው።

መጽሐፉ የመጣው ከስዊድን ነው። ስዊድን፣ ኖርዌይና ዴንማርክ በአውሮፓ ሰሜን ያሉ ብርዳም አገሮች ናቸው፤ ስካንዲኔቪያ ይባላሉ። በእነዚህ አገሮች የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ በብዛት ይጻፋል። ልብ ወለድ ማለት ደራሲው ከሐሳቡ ያፈለቀው ታሪክ ነው። በዚህ ዓይነቱ ታሪክ አንድ ሰው ይገደላል ወይም ይጠፋል፤ ሌላው ዱካውን ይከተላል። አንባቢውም «ማን አደረገው?» እያለ አብሮ ይከተላል።

የደራሲው ስም ስቲግ ላርሰን ነው። ሥራው ጋዜጠኝነት ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 በ50 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ2005 ነው። ከዚህ የሚቀጥሉ ሁለት መጻሕፍትም ጽፎ ነበር። ሦስቱ በዓለም ላይ ከ80 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠዋል። እሱ ግን አንዱንም ታትሞ አላየም።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሚካኤል የሚባል ጋዜጠኛ በአንድ ሀብታም ላይ ጽፎ፣ በስም ማጥፋት ተከሶ ይፈረድበታል። በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ ባለ ፋብሪካ ያስጠሩታል። የወንድማቸው የልጅ ልጅ ሐሪየት በ1966፣ በ16 ዓመቷ፣ ከሚኖሩባት ደሴት ጠፍታለች። የዚያን ዕለት ድልድዩ ላይ አደጋ ደርሶ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ታዲያ ልጅቱ በየት ወጣች? ሽማግሌው «ተገድላለች፤ ገዳይዋም ከዘመዶቼ አንዱ ነው» ይላሉ። ነገር ግን በየዓመቱ በልደታቸው ቀን ከማን እንደ ተላከ የማይታወቅ የደረቀ አበባ በፖስታ ይደርሳቸዋል።

ሚካኤልን በምርመራው የምታግዘው ሊስቤት የምትባል የ24 ዓመት ወጣት ናት። ሕግ ከሞግዚት ሥር አስቀምጧታል። በገንዘቧ እንኳ የሚያዝባት ሌላ ሰው ነው። አዲስ የተሾመባት ሞግዚት ይህን ሥልጣን መሣሪያ አድርጎ ይደፍራታል። እሷም ዝም አትልም። ከዚህ በኋላ ያለውን አንነግራችሁም። የእንዲህ ያለ መጽሐፍ መጨረሻ አስቀድሞ ከተነገረ የሚያነበው ሰው ምን ይቀረዋል?

እንግዲህ አንባቢዎቹ ምን አሉ? የመጀመሪያው ክርክር ስለ አካሄዱ ነው። ብዙዎች «መጀመሪያው ይጎተታል» አሉ። ስለ ኩባንያና ስለ ገንዘብ ረጅም ነገር አለ። የዘመዶቹ ስም በዝቶ ያምታታል። ሰዎቹ ቡና በጠጡና ዳቦ በቆረሱ ቁጥር ይጻፋል። ሌሎቹ ደግሞ «ታገሡ፤ ዱካው ያለው እዚያው ውስጥ ነው» ብለው መለሱ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ወገኖች መጽሐፉን ገልጠው ቦታውን ማሳየት ይችላሉ። «አልወደድኩትም» ብሎ ዝም ያለው ሰው ግን ምስክር እንደሌለው ከሳሽ ነው። ስሜቱን ነገረን እንጂ ስለ መጽሐፉ ምንም አልነገረንም።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ትርጉሙ ነው። የስዊድንኛው ርእስ «ሴቶችን የሚጠሉ ወንዶች» የሚል ነው። በየክፍሉ መግቢያም በስዊድን ሴቶች ላይ ስለሚደርሰው ጥቃት ቁጥር ተጽፏል። ላርሰን በሕይወት ሳለ አሳታሚው ርእሱን ይለውጥ ዘንድ ቢፈልግም እምቢ ብሎ ነበር። ፈረንሳዮቹ በ2006 ሲያሳትሙት «ሴቶችን የማይወዱ ወንዶች» አሉት። በእንግሊዝኛ በ2008 ሲወጣ ግን «የዘንዶ ንቅሳት ያላት ልጃገረድ» ተባለ። ንቅሳት ምን እንደሆነ ለእናቶቻችን ማስረዳት አያስፈልግም። በስዊድንኛው የሊስቤትን ጀርባ የሸፈነው ዘንዶ በእንግሊዝኛው ትከሻዋ ላይ ያለ ትንሽ ሥዕል ሆነ። ተርጓሚው ራሱ አሳታሚው በጽሑፉ ላይ ባደረገው ለውጥ ቅር ተሰኝቶ፣ መጽሐፉ በእውነተኛ ስሙ ሳይሆን በሌላ ስም ወጣ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ርእስ ጣቱን የሚቀስረው በዳዩ ላይ ነው። ሁለተኛው ግን ዓይናችንን ወደ ተበደለችው ገላ ይመልሳል። ስለ አንድ በደል ሲወራ ስሙ የሚነሣው የማን ነው? የእሱ ነው ወይስ የእሷ? ስለዚህ የተተረጎመ መጽሐፍ ስናነብ በእኛና በደራሲው መካከል ሌሎች ሰዎች እንዳሉ አንርሳ። ውሃው ቢደፈርስ ምንጩን ከመውቀስ በፊት እንስራውን ማየት ነው።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉም ይከብዳል። አንዳንድ አንባቢዎች «ደራሲው ለሴቶች የቆመ ነው፤ ሊስቤት ተደፍራ አልቅሳ የምትቀር አይደለችም» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «በደሉን በዝርዝር እያሳየ መዝናኛ አደረገው፤ ደግሞስ በገዛ እጅ መበቀል ፍርድ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ።

እኛ ስንመዝነው፣ ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል። መጽሐፉ አንድ ትልቅ ነገር ገልጧል። ሊስቤትን የጎዳት ጨለማ ውስጥ ያደፈጠ ሽፍታ አይደለም፤ ሊጠብቃት በሕግ የተሾመ ሰው ነው። ወደ ዳኛ ያልሄደችውም ማንም እንደማያምናት ስላወቀች ነው። ይህን የጻፈ ደራሲ በደሉን ከነሥሩ አሳይቷል። በሌላ በኩል፣ አንዳንዱ ገጽ ለማወቅ ከሚያስፈልገን በላይ ያሳያል። «ይህ የተጻፈው እንድናውቅ ነው ወይስ እንድንደነግጥና እንድንገዛው?» ብሎ የጠየቀ አንባቢ መጽሐፉን አልተሳደበም። የአንባቢነት ሥራውን ሠራ።

ታዲያ እናንተም ነገ መጽሐፍ ስታነሡ እንዲህ አድርጉ። ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ከማለታችሁ በፊት «የት ቦታ ላይ?» ብላችሁ ገጹን ፈልጉ። የተተረጎመ ከሆነ ማን እንደተረጎመው እዩ። በታሪኩ ውስጥ የተበደለው ማን፣ የበደለውስ ማን እንደሆነ ለዩ። ጎረቤታችሁ ሌላ ፍርድ ቢሰጥ አትቆጡ፤ «አሳየኝ» በሉት። ካሳያችሁ ተቀበሉት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ይህን ንግግራችንንም እንደዚሁ መርምሩት። ያልተስማማችሁበትን ቦታ በእርሳስ አስምሩበትና ለውይይት ይዛችሁ ኑ።